አሥራ አምስት በመቶ

ሥራዬ ሚዛን ነው፣ በስኳር ፋብሪካ፤
ሸንኮራ የጫነ መኪና ስለካ፣
ሙሉውን አስቀድሜ፣ ባዶውን አስከትዬ፣
ልዩነቱን ስጽፍ፣ «ይኸው ሐቅህ» ብዬ፣
ሃያ ዓመት አለፈኝ በቲቦዶ ከተማ፤
ክብደት አውቃለሁ ስል፣ ከራሴ ስስማማ፣
ደብዳቤ መጣልኝ ማኅተም ያለበት፤
«ሰኞ ጠዋት ቅረብ፣ ትፈርዳለህ» ይላል፣ ካካባቢው ፍርድ ቤት።

ሰባተኛው ወንበር ለእኔ ደረሰ፤
ጠበቃው ተነሥቶ ነገሩን ለኮሰ።
ሬሚ ፎንተኖ ነው፣ ፒያኖ የሚቃኝ፤
ከወይዘሮ ኦዲል ከላንድሪ ቤት፣
በነሐሴ ፀሐይ ለሥራ ሄደበት።
ከኦክ ዛፍ ጥላ ሥር መኪናውን አቆመ፤
የዕቃ ሣጥኑን ሊያወርድ ዘወር ብሎ ቆመ።
ነፋስ መጣ፤ ሄደ።
ዛፉ ክንዱን ጥሎ የሰው እጅ ወሰደ።

እንጉዳይ አብቅሎ፣ ውስጥ ውስጡን በስብሶ፣
ሴትዮዋ አይታለች፣ ዓመት ደርሶ መልሶ።
«ለምን አላስቆረጥሽም?»
«ሁለት ሺህ ጠየቁኝ» አለች ድምጿ አንሶ።
የመብራት ኩባንያው፣ ገመድ ሲቀብር፣ ሥሩን በጥሶታል፤
ሬሚም ቢሆን ጥፋት ተገኝቶበታል፦
ግንዱ ላይ ሰሌዳ፣ «እዚህ አታቁሙ»፣
ግማሹን ሸፍኖት የዛፉ ሽበታም ጢሙ።

ሽማግሌው አልሲድ፣ ችሎት አስከባሪው፣
በእረፍት ሰዓታችን፣ ለውዝ እየፈለፈለ፣ እንዲህ ነው ያወራው፦
«የሉዊዚያና ሕግ ሁለት እናት አለው፤
አንዷ በፈረንሳይ አፍ፣ 'ያጠፋ ይካስ' ብላ፣ በመጽሐፍ ያኖረችው፤
ሌላዋ መጽሐፍ ብዙም አይሆንላት፣
ያለፈውን ፍርድ ነው በቃሏ መያዝ ያላት።
እናንተን አሥራ ሁለት እዚህ ያስቀመጠች፣ ይቺ ናት፣ ሁለተኛዋ፤
የምትመልሱት ግን የዚያችን ጥያቄ ነው፣ የፊተኛዋ።»

ዳኛዋ ጨመረች፦ «መቅጣት አይደለም ሥራችሁ፤
ሳይጎዳ ወደነበረበት መመለስ ነው፣ በገንዘብ፣ ከቻላችሁ።»
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አልኩ፣ ግን በሆዴ።
አባቴ ይል ነበር፣ «በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል፣ ልጄ»፤
በመስኮት አየሁት፣ ባዩ ላፉርሽ የሚሉትን ወንዝ፤
ቀድሞውኑ ቆሟል፣ ማንም ሳያዘው፣ ድንዝዝ።

ቅጹን አመጡልን።
የወይዘሮ ኦዲል ጥፋት፦ ስንት በመቶ?
የኩባንያው፦ ስንት በመቶ?
የራሱ የሬሚ፦ ስንት በመቶ?
ድምሩ መቶ ይሁን፣ አይትረፍ፣ አይጉደል።
«ነፋሱስ?» አልኩ።
ነፋስ ቅጹ ላይ የለም።
እግዜርም የለም።

ክላሪስ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው፣ «ሠላሳ» አለች፤
«ማንበብ ይችል የለ?» ጠረጴዛ መታች።
«ዜሮ» አልኩኝ እኔ፤ «በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ግለት፣
ጥላ መፈለግ ነው ጥፋት የሚሉት?»
ዓሣ አጥማጁ ሰዓቱን አየና፣
«አሥራ አምስት ይሁን፤ እንሂድ በቃና።»
አሥራ አምስት ሆነ።
ማንም አላመነበትም፤ ማንም አልተቃወመ።

ሆስፒታሉን ደመርን፤ ደረሰኝ ነበረው።
የቀረበትን ሥራ፣ ያም ቁጥር ነበረው።
የመጨረሻው መስመር ባዶውን ቀረ፦ «ስለ ሕመሙ»።
እኔ ዝም አልኩ፤ ሌሎቹ ወደ እኔ አዘነበሉ፣ ሚዛነኛ ነህ እያሉ።
የትናንቱን ሬሚ ልመዝን፣ የዛሬውን ላወርድ፣
ልዩነቱን ልጽፍ፣ እንደ ልማዴ ልፈርድ፤
ሰውየው ግን እዚያ፣ ሁለቱ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለው፣
አውራ ጣቱን ብቻ ያሻሻል፣ አንድ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።
ሙሉውን ሳልመዝን
ባዶውን አመጡልኝ።

ቁጥር ጻፍን። ዳኛዋ አነበበች። ካሳው ተሰላ፤
ከመቶው አሥራ አምስቱ ተነሣለት፣ ስለ ጥላ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ፋብሪካው በሚፈጭበት ወራት፣
በዚያ ሰፈር ሳልፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ደጋግሞ የሚመታ፣ በማታ ሰዓት።
መስኮቱ ክፍት ነው። ሬሚ ጆሮውን አዘንብሎ ቆሟል፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፤
ወይዘሮ ኦዲል ናት ቁልፉን የምታዞረው፣ ክንዷ ተንቀጥቅጦ።
«ጨምሪ… ትንሽ… ቆይ።
አለፈ።
መልሺው።»
ታርቀው ይሁን፣ ከፍሏት ይሁን፣ ከፍላው ይሁን፣ አላወቅኩም፤
የዚያን ሂሳብ ቅጽ ማንም አልሰጠኝም።
ሞተሬን አጥፍቼ ቆሜ አዳመጥኩኝ፣ እስኪጨርሱ።
መኪናዬን ግን ያቆምኩት
ከዛፉ ርቄ ነው።